ጠብመንጃ የሌላቸው የጠብመንጃ አዋቂዎች

በመስከረም አጋማሽ፣ የዘመን መለወጫው ጊፋታ ሲቃረብ፣ ወላይታ ሶዶ በሰው ትሞላለች። ከአዲስ አበባ፣ ከሐዋሳና ከአርባ ምንጭ ለበዓል የሚገባው ልጅ ሻንጣውን ሳያወርድ ለጓደኞቹ ይደውላል፤ በማኅበር በሬ የሚያርዱት የዓመቱን መዋጮ ይተሳሰባሉ። በዚህ ግርግር መሐል መንገድ ዳር ጣውላ አቁሞ፣ ጣውላው ላይ ፊኛ፣ ማስቲካና የለስላሳ ቆርኪ ደርድሮ፣ የአየር ጠብመንጃ ይዞ የሚጠብቅ ሰው አይጠፋም። ጥቂት ብር ለከፈለ ሦስት ጥይት ይሰጣል። ፊኛ ያፈነዳ አንድ ጥይት ይመረቅለታል፤ ማስቲካ የመታ ማስቲካውን ይወስዳል።

ጠብመንጃው በዕድሜ አብዛኞቹን ተኳሾች ይበልጣል። ሰደፉ አንድ ቀን ተሰንጥቆ በቆርቆሮና በምስማር ተጠግኗል። የፊት ማነጣጠሪያው ወደ ግራ ዘመም ብሏል። ባለቤቱ አፈሙዙን ሰበር አድርጎ ወደ ታች ሲጫነው ውስጡ ያለው ሞላ እያቃሰተ ይጨመቃል፤ 4.5 ሚሊ ሜትር ውፍረት ያላትን እርሳስ ከኋላ ወትፎ ይዘጋዋል፤ ያቀብላል። ምላጩ ሲሳብ ሞላው ይፈናጠርና አየሩን ያምቀዋል፤ እርሳሷም ትወጣለች፤ ወዴት እንደምትሄድ ግን አስቀድሞ መናገር ያስቸግራል።

«ይኼን ማነጣጠሪያ አታስተካክለውም?» ይላል የሳተ ሁሉ።

«ቅድም አንድ ልጅ ሦስቱንም መታ እኮ፣ ጌታው» ይላል ባለጠብመንጃው።

ማነጣጠሪያውን ማቃናት የአንድ ካቻቢቴ ሥራ ነው። ነገር ግን የተቃና ቀን ማስቲካው ያልቃል፤ ባለጠብመንጃውም ከእንጀራው ይጣላል። በዓለም ላይ ጠብመንጃው እንዳይሻሻል በርትቶ የሚሠራ ባለሙያ ቢፈለግ እሱ ነው። ጨርሶ ማሻሻያ አይወድም ማለት ግን አይደለም። መሣሪያው ሲደክምበት ዘይት ያንጠባጥብበታል። ጥቂት ጠብታ ለውስጡ መዝጊያ ቆዳ ጥሩ ነው። ሲበዛ ግን የታመቀው አየር በጣም ስለሚግል ዘይቱ ይነድዳል፤ ጠብመንጃው ከወትሮው ይበልጥ ይጮኻል፤ ከአፈሙዙም ጭስ ይወጣል። ተራ የሚጠብቁት «ኧረ ይኼስ የእውነቱ ነው!» ይላሉ። የሚነድደው ዘይት በየተኩሱ እኩል ስላልሆነ አንዷ እርሳስ ወደ ላይ፣ አንዷ ወደ ታች ትሄዳለች። ጩኸትና ጭስ ጨምሮ ዒላማ የሚያሳጣ ማሻሻያ፤ ገበያው ግን ይደራል።

የሞላ ጠብመንጃ ሌላም ጠባይ አለው። እርሳሷ ከአፈሙዙ ሳትወጣ መሣሪያው አንዴ ወደ ኋላ፣ አንዴ ወደ ፊት ይንፈራገጣል። ስለዚህ አንቆ የያዘው ሰው መንፈራገጡን በየጊዜው በሌላ አቅጣጫ ያጣምመዋል፤ ላላ አድርጎ በተከፈተ መዳፍ ላይ ያሳረፈው ደግሞ ሁልጊዜ አንድ ዓይነት ያደርገዋል። ክንዱን ያፈረጠመው ጎረምሳ ሦስቱንም ሲስት፣ ከኋላው የተሰለፈችው ትንሽ ልጅ ጠብመንጃው ስለከበዳት ብቻ ላላ አድርጋ ይዛ ፊኛውን የምታፈነዳው ለዚህ ነው። ጎረምሳው ማነጣጠሪያውን ይረግማል። ልጅቷ አንዲት ጥይት ይመረቅላታል።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ሳያነሡ ማለፍ ያስቸግራል። ወላይታ የተሻሻለ ጠብመንጃ ምን እንደሚያደርግ የተማረችው ከፊኛና ከማስቲካ አይደለም። በ1887 ዓ.ም. የአፄ ምኒልክ ጦር ወደ ወላይታው ንጉሥ ካዎ ጦና አገር ሲዘምት፣ አንደኛው ወገን በዘመኑ አዲስ የተባለ ጠብመንጃ፣ ሌላው በአብዛኛው ጦርና ጋሻ ነበር የያዘው። ዘመቻውን ተከትሎ የመጣው ፈረንሳዊው ቫንደርሃይም ያየውን በመጽሐፍ አሳትሞታል፤ ንባቡ አያስቅም። የዛሬዎቹ ልጆች ጠብመንጃን ለፊኛ ማፈንጃ ብቻ ማወቃቸው ቀላል ነገር አይደለም።

በዒላማው ጣውላ የተሸነፉት የሚሰበሰቡት ጀበና ቡና ዘንድ ነው። እዚያ ከፓሪስ ኦሊምፒክ፣ ማለትም ከ2016 ዓ.ም. ክረምት ወዲህ ያላለቀ ክርክር አለ፤ ለውድድር የሚሆን ጠብመንጃ ቢኖርህ መጀመሪያ ምኑን ታሻሽላለህ? ከተከራካሪዎቹ ጠብመንጃ ያለው የለም። ለመግዛት የሚያስብም የለም፤ ቢያስብ የጦር መሣሪያ አስተዳደርና ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 1177/2012 ያለ ፈቃድ እንዳይሞክረው ይመክረዋል። ይህ ክርክሩን ጨርሶ አላቀዘቀዘውም። ንብረቱ የሌለው ሰው ወጪ ስለማያሳስበው እንዲያውም ነጻ ሆኖ ያሻሽላል።

ግንባር ቀደሞቹ ሦስት ናቸው፤ አንድ የባጃጅ ሾፌር፣ አንድ ስልክ ጠጋኝና ሁሉም «ቲቸር» የሚሉት የፊዚክስ መምህር። ሾፌሩ ውበት ይቀድማል ባይ ነው፤ ሰደፉ ቀለም ይቀባ፣ ማንገቻው የቆዳ ይሁን። ይህ ሰው ባጃጁን እንዴት እንደያዘ የሚያውቁ አይገረሙም። ባጃጁ ሰማያዊ መብራት፣ ሦስት ዓይነት ስቲከርና ከሩቅ የሚሰማ ስፒከር አለው፤ ፍሬኑ የሚሠራው ግን በጸሎት ጭምር ነው። ጠብመንጃን ማስጌጥ ደግሞ እሱ የጀመረው ነገር አይደለም። ውጅግራና ምንሽር የታጠቁ አባቶችም ሰደፉን በናስ ማስዋብ፣ ማንገቻውን ማሳመር ያውቁበት ነበር።

ስልክ ጠጋኙ «አጉሊ መነጽር!» ይላል። ፊልም ላይ ያለ አልሞ ተኳሽ ሁሉ መነጽር አለው። መምህሩ ይህን የሚጠብቅ ይመስል ፈገግ ይላል። በዓለም አቀፉ የተኩስ ስፖርት ፌዴሬሽን ደንብ በኦሊምፒክ የጠብመንጃ ውድድር አጉሊ መነጽር ክልክል ነው። የሚፈቀደው ከኋላ በጠባብ ቀዳዳ፣ ከፊት በቀለበት የሚታይ ማነጣጠሪያ ነው፤ ተኳሹ ጥቁሩን ክብ በቀለበቱ መሐል አስገብቶ ዙሪያውን እኩል ብርሃን እንዲኖረው ያደርጋል። ዓይን ክብን ከክብ ጋር ማስተካከል ስለሚቀናው ይህ ተራ የሚመስል ዘዴ አስደናቂ ውጤት ይሰጣል። በ10 ሜትሩ የአየር ጠብመንጃ የአሥር ነጥቧ ስፋት ግማሽ ሚሊ ሜትር ብቻ ነው፤ እርሳሷ ራሷ ዘጠኝ ጊዜ ትሰፋለች። ውጤቱ በአሥረኛ ክፍልፋይ ስለሚቆጠር ትክክለኛው መሐል 10.9 ያስገኛል። በአፈሙዝ ጫፍ ላይ መንፈራገጥን የሚቀንስ መሣሪያ መግጠምም አይፈቀድም። የስልክ ጠጋኙ ጠብመንጃ፣ ገና ከመቆጣጠሪያው ጠረጴዛ ሳያልፍ፣ ተሰናበተ።

«ታዲያ ምን ቀረ?» ይላል ሾፌሩ።

ብዙ ነገር ቀርቷል። መምህሩ ከሁሉ የሚያስቀድመው ምላጩን ነው። በውድድር ሽጉጥ፣ የአየሩ ቢሆን፣ ምላጩ ቢያንስ 500 ግራም መሸከም አለበት፤ ለ10 እና ለ50 ሜትር ጠብመንጃ ግን እንዲህ ያለ ዝቅተኛ ልክ የለም። ስለዚህ ብዙዎች ከ100 ግራም በታች ያደርጉታል፤ ጣት ነካ ሲያደርገው ይለቃል። ምክንያቱ ግልጽ ነው። ከባድ ምላጭ የሚስብ ጣት መላ እጅን ይዞ ይሄዳል፤ እጅ ከሄደ ጠብመንጃው ይሄዳል። ቀጥሎ ሰደፉ ይመጣል። የባለሙያዎቹ ሰደፍ የሾፌሩን ልብ የሚሰብር ነው፤ ቀዳዳ የበዛበት፣ ብሎን የሞላበት፣ የአሉሚኒየም አጥንት። የጉንጭ ማሳረፊያው ከፍ ዝቅ ይላል፤ የትከሻው ጫፍ ይዞራል፤ የእጅ መያዣው ይገፋል ይሳባል። ቁም ነገሩ ሰውየው ወደ ጠብመንጃው ከመጠማዘዝ ይልቅ ጠብመንጃው ወደ ሰውየው እንዲመጣ ነው። አንሹትዝ፣ ፋይንወርክባውና ቫልተር የተባሉት የጀርመን ፋብሪካዎች ስማቸውን የገነቡት በዚህ ነው። ዋጋው በሺዎች ዩሮ ስለሚቆጠር በብር ተመንዝሮ ጀበና ቡና ላይ ባይነሣ ይሻላል።

ክብደትም አለ። የአየር ጠብመንጃ እስከ 5.5 ኪሎ፣ የወንዶች የ50 ሜትር ጠብመንጃ እስከ 8 ኪሎ ይፈቀድለታል። ብዙ ተኳሾች ወደ ጣሪያው ይጠጋሉ፤ ከባድ ነገር ለመወዛወዝ ይሰንፋልና።

ጥይት ግን የመምህሩ እውነተኛ ፍቅር ነው። ከአንድ ፋብሪካ፣ በአንድ ስም፣ በአንድ ዓይነት ካርቶን የወጣ የ22 ካሊበር ጥይት እንኳ በተለያየ ጊዜ ከተመረተ ባሕርዩ ይለያያል። አንዱ አፈሙዝ የወደደውን ምርት ሌላው ይጠላዋል፤ ለምን እንደሆነ አስቀድሞ በወረቀት ማስላት አይቻልም። ስለዚህ ታላላቆቹ ተኳሾች ጠብመንጃቸውን ተሸክመው በእንግሊዝ በርሚንግሃም ወዳለው የኤሊ ፋብሪካ፣ ወይም በጀርመን ሾኔቤክ ወዳለው የላፑአ መፈተሻ ይሄዳሉ። መሣሪያው በብረት ይታሠራል፤ የሰው እጅ ሳይገባበት ምርቶቹ በየተራ ይተኮሳሉ፤ ቀዳዳዎቹ ከሁሉ ይበልጥ የተጠጋጉበት ምርት ይመረጥና በሺዎች ይገዛል። ሾፌሩ ይህን ሲሰማ ዝም አለ። በመጨረሻ «ማለትም ገንዘቡ ሁሉ የሚታይ ነገር ላይ አይውልም?» ብሎ ጠየቀ። አይውልም።

በዚህ መሐል ስልክ ጠጋኙ ቂሙን ይወጣል። ስልኩን አውጥቶ የቱርኩን የዩሱፍ ዲኬችን ፎቶ ያሳያል፤ የ51 ዓመት ጎልማሳ፣ አንድ እጁ ኪሱ ውስጥ፣ ዓይኑ ላይ ተራ መነጽር፣ ገላው ላይ ቲሸርት። በፓሪስ ከሼቫል ኢላይዳ ታርሃን ጋር በ10 ሜትር የአየር ሽጉጥ በድብልቅ ቡድን ብር አገኘ። ሌሎቹ ለአንድ ዓይን መጋረጃ፣ ለሌላው ልዩ ሌንስ ሲገጥሙ እሱ ሁለቱንም ዓይኑን ከፍቶ ተኮሰ። «ይኸው! ምንም አያስፈልግም» ይላል ጠጋኙ። መምህሩ ሁለት ነገር ያስታውሰዋል፤ ውድድሩ የሽጉጥ እንጂ የጠብመንጃ አልነበረም፤ በእጁ ያለው ሽጉጥ ደግሞ የገበያ አሻንጉሊት አልነበረም። በተጨማሪም ፓሪስ ለዲኬች አምስተኛ ኦሊምፒኩ ነበር። ዕቃ የሌለው የሚመስለው ሰው፣ ዕቃው ዓመታት ስለሆኑ ነው የማይታየው። ጠጋኙ ግን ፎቶውን የስልኩ ገጽ ላይ ለጥፎታል፤ ለማንሣት አላሰበም።

ሁሉም የሚወዱት ታሪክ የአሜሪካዊው የማት ኤመንስ ነው፤ መምህሩ ይተርከዋል፣ ሌሎቹ በየጊዜው እንደ አዲስ ይሰሙታል። በ1996 ዓ.ም.፣ ከአቴንስ በፊት፣ ኤመንስ ጠብመንጃውን ከተቀመጠበት ሲያወጣ አንድ ሰው ሆን ብሎ አፈሙዙን አበላሽቶት አገኘ። ዓመታት የለካው፣ ያስተካከለው፣ ጥይት የመረጠለት መሣሪያ አለቀለት። የቡድን ጓደኛው አምበር ዳርላንድ የእሷን አዋሰችው። በተውሶ ጠብመንጃ አቴንስ ሄዶ በ50 ሜትር በደረት ተኝቶ በሚተኮሰው ውድድር ወርቅ አጠለቀ።

እዚህ ላይ ሾፌሩ ያጨበጭባል። መምህሩ እጁን ያነሣል፤ አላለቀም።

ከሁለት ቀን በኋላ፣ በሦስቱ አቋቋም ውድድር፣ ኤመንስ ለመጨረሻዋ ጥይት ሲዘጋጅ በሦስት ነጥብ ይመራ ነበር። ተራ የሚባል ውጤት ቢያመጣ ወርቁ የእሱ ነው። አነጣጠረ፤ ተኮሰ፤ መታ። ሰሌዳው ላይ ምንም አልወጣም። የተኮሰው የጎረቤቱን ዒላማ ነበር። ዜሮ ተጻፈለትና ስምንተኛ ሆነ፤ ወርቁን የቻይናው ጂያ ዣንቦ ወሰደ። ምላጩ ልክ ነበር፣ ጥይቱ ልክ ነበር፣ ማነጣጠሪያው ልክ ነበር። ዒላማው የሌላ ሰው ሆነ እንጂ።

«የጊፋታው ጠብመንጃ ቢሆን የራሱን ይመታ ነበር» ይላል ጠጋኙ፤ «የጎረቤቱን ሲያነጣጥር።»

በዚያው ምሽት ካጽናኑት ሰዎች አንዷ የቼኳ ተኳሽ ካተርዢና ኩርኮቫ ነበረች። ተጋቡ። በ2000 ዓ.ም. ቤጂንግ ላይ እሷ በ10 ሜትር የአየር ጠብመንጃ የዚያን ኦሊምፒክ የመጀመሪያ ወርቅ ወሰደች። እሱ በሦስቱ አቋቋም እንደገና እየመራ ወደ መጨረሻዋ ጥይት ደረሰ፤ ጣቱ ሳያስበው ምላጩን ነካ፤ 4.4። አራተኛ ወጣ። ቅድም የተመሰገነው ቀላል ምላጭ እንግዲህ ይህም አለበት። በለንደን ነሐስ አገኘና ሶዶ ያሉ ደጋፊዎቹ እፎይ አሉ፤ በዓመታት ዘግይተው ቢሰሙትም።

ሾፌሩ የአገር ነገር ይነሣ ባይ ነው። ኢትዮጵያ በኦሊምፒክ ያገኘችው ሜዳልያ ሁሉ የአትሌቲክስ ነው፤ በተኩስ የለንም። ይሁን እንጂ ዒላማን በተመለከተ ስማችን ጨርሶ አልጠፋም። አበበ ቢቂላ በ1961 ዓ.ም. በመኪና አደጋ እግሮቹ ከከዱት በኋላ፣ በሚቀጥለው ዓመት በእንግሊዝ ስቶክ ማንዴቪል በተደረገው የአካል ጉዳተኞች ውድድር በቀስት ተካፍሏል። ሮም ላይ የተሰጠው ጫማ አልመች ቢለው አውልቆ ማራቶን ያሸነፈ ሰው፣ ስለ ስፖርት ዕቃ ቢጠየቅ ምን ይል ነበር? ሀንጋሪያዊው ካሮሊ ታካች ደግሞ ቀኝ እጁን ቦምብ ቢያበላሽበት በግራው ተለማምዶ በ1940 ዓ.ም. ለንደን ላይ፣ ከአራት ዓመት በኋላም ሄልሲንኪ ላይ በሽጉጥ ወርቅ ወስዷል። ሾፌሩ ይህን እንደ ማሻሻያ ይቆጥረዋል። «እናንተ ስለ ሰደፍ ታወራላችሁ፤ ሰውየው እጅ ቀየረ!»

ልብሱም የራሱ ሕግ አለው። የጠብመንጃ ተኳሾች ጃኬትና ሱሪ ከሸራና ከቆዳ የተሰፋ፣ ወገብና ጀርባን ቀጥ አድርጎ የሚይዝ ነው። እንዳይበዛ ውፍረቱ በ2.5 ሚሊ ሜትር ተወስኗል፤ ግትርነቱም በመሣሪያ ይለካል። የጫማው ሶል የሚታጠፍ መሆኑ እንዲታይ ተወዳዳሪዎች በሜዳው ላይ እንደ ማንኛውም ሰው፣ ተረከዝ አስቀድመው፣ እንዲራመዱ ይጠየቃሉ። እንደ ዳክዬ የሚንገዋለል ማስጠንቀቂያ ይደርሰዋል።

ጃኬቱ የማይደርስበት አንድ የሚንቀሳቀስ ነገር አለ፤ ልብ። ልብ በመታ ቁጥር የአፈሙዙ ጫፍ ይነቀነቃል፤ የበሰሉ ተኳሾች በሁለት ምት መካከል ባለው ዝምታ ምላጩን ለመልቀቅ ይጥራሉ። ይህን በመድኃኒት ማሻሻል የፈለጉም አልታጡም። በቤጂንግ የሰሜን ኮሪያው ኪም ጆንግ ሱ በሽጉጥ ያገኛቸውን ሁለት ሜዳልያዎች የተነጠቀው የልብ ምትን የሚያረጋጋ ፕሮፕራኖሎል የተባለ መድኃኒት በመገኘቱ ነው። ሯጭ ልቡ እንዲፈጥን መድኃኒት ሲፈልግ ይያዛል፤ ተኳሽ እንዲዘገይ ሲፈልግ።

መምህሩ ከዚህ ተነሥቶ ምንም ገንዘብ የማያስወጣ፣ ማንም የማይከለክለው ማሻሻያ አቀረበ፤ ለጊፋታ ዒላማ የሚሰለፍ ሰው ከጠዋት ጀምሮ ቡና ይተው፤ እጅ መንቀጥቀጡ ይቀንሳል። ለአፍታ ጸጥታ ሆነ። ቡና አፍይዋ ጀበናውን ከከሰሉ አንሥታ «በረካውን ለማን ላፍስሰው ታዲያ?» አለች። ሾፌሩ ስኒውን አቀረበ። ስልክ ጠጋኙም አቀረበ።

መምህሩ ስኳሩ እንዲቀነስለት ብቻ ጠየቀ።